ከቃሬዛ ላይ የሚወጣ ቃል

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ ረቡዕ ቀን፣ በመስከረም ወር፣ ጣሊያን አገሩን በያዘ በአራተኛው ዓመት፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ምንም ሕመም ያልነበረባቸው አንዲት ሴት በቃሬዛ ተይዘው ወደ ሕክምና ድንኳን ተወሰዱ። ሴትዮዋ አማቴ ነበሩ።

የወሩ ስንተኛ ቀን እንደነበር ማስታወስ አልቻልኩም። ረቡዕ ለመሆኑ ግን አልጠራጠርም፤ የሮቢት ገበያ ረቡዕ ነው፣ ነገሩ የተፈጠረውም ሰው ወደ ገበያ ሊወጣ ሲል ነው። ኋላ በጋዜጣ ሥራ ረጅም ዘመን ስቆይ፣ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ መጻፍ ለመድኩ። ከዚህ በታች ያለውን ከአንድ ሁለት ቦታ በቀር በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንዳንዱን ደግሞ ተሸክሜዋለሁ።

በዚያን ጊዜ መንገድ ዳር ባለ የአንድ የመናዊ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከቆላው ገበሬ ጥጥ እንገዛለን፤ አቡጀዲና ጨው እንሸጣለን። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። አዲሱ የጣሊያን መንገድ ከደብረ ሲና ወርዶ በሮቢት በኩል ወደ ደሴ ማለፍ ከጀመረ ወዲህ ካሚዮን በዛ፤ ካሚዮን ሲበዛ ጥጡ በዛ፤ ጥጡ ሲበዛ አሠሪዬ ክፍሏን ፈለጓት።

"ወላሂ አንተን ጠልቼ አይደለም፤ ጥጥ ግን ዝናብ አይችልም" አሉኝ።

ሰው ዝናብ እንደሚችል ተስማምተን ቤት ፍለጋ ጀመርኩ።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እናቷ ይህን ሲሰሙ ሊወስዷት ከደጋው፣ ከጣርማበር ወዲያ ካለ መንደር ወረዱ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ልማዱ ነው። የእናት ቤት ግን ተቃጥሏል። አማቴ ራሳቸው በወንድማቸው ቤት ተጠግተው ነበር፤ በሚመለሱበት መንገድም ጣሊያንና አርበኛ ይታኮሳል። ይህን ሁሉ እያወቁ ልጃቸውን ቆላ ላይ ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። ምክንያት አላቸው። ታላቂቱ ልጃቸው ካራቆሬ አግብታ ሳለች ምጥ ይዟት፣ ሐኪም ዘንድ ሳትደርስ ሞታለች። እኔ የሰማሁት የሚሸከማት ሰው ጠፍቶ ነው ተብሎ ነው።

"ሰፈር አሳየኝ" አሉኝ አማቴ፣ እንደ ልማዱ ፊቴን ሳያዩ። "ቤት አላልኩም። ጣራ ልጄን ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ አያደርስልኝም። ቀኗ ሲደርስ ብድግ የሚያደርጋት ሰፈር ካገኘሁ ትቼልህ እሄዳለሁ። ካጣሁ ይዣት እሄዳለሁ።"

"ሰፈሩ ደግ መሆኑን በምን እናውቃለን እማማ?" አልኩ እኔም መሬት መሬት እያየሁ።

"እሱን ለእኔ ተወው።"

እንዴት እንደሚያውቁ ያየሁት በማግሥቱ ማለዳ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው ጣሊያኖቹ በገመድ ለክተው ካሠሩት፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ሰፈር ነበር። ቤቶቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ በየበሩ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ነዋሪው ከየአገሩ የመጣ ነው። ለእኔ ደኅና ሰፈር መስሎኝ ነበር። አማቴ መንገዱ መሀል ሲደርሱ ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ፤ ሆዳቸውን ያዙና "ወይኔ! ወይኔ!" ማለት ጀመሩ። ደነገጥኩ። በዓይናቸው ጠቀሱኝ። በዚያው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ።

አንድ ሰውዬ ዞሯቸው አለፈ። ሌላው አልዞራቸውም፤ ተራመዳቸው። በመጨረሻ አንዲት ሴት በር ከፍታ ብቅ አለችና ጎንበስ ብላ በትሕትና ጠየቀቻቸው።

"እማማ፣ የሚሸጥ ቅቤ ይዘዋል?"

"አልያዝኩም" አሉ አማቴ፣ ሆዳቸውን እንደያዙ።

በሩ ተዘጋ። አማቴ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ።

"ይሄ ሰፈር አይደለም፤ ሰልፍ ነው" አሉ።

ሁለተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ነባሩ ሰፈር ነው። እዚያ "ወይኔ" ከማለታቸው ሰዉ ሁሉ ወጣ። አንዷ ውኃ፣ አንዷ ዳማከሴ፣ ሌላዋ በርጩማ ይዛ መጣች። የማን ልጅ እንደሆኑ ተጠየቁ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ምን እንደሆነ ክርክር ተነሣ፤ ግማሹ ወባ ነው አለ፣ ግማሹ ምች ነው አለ። ሽማግሌ ተላከና መጣ፤ ሽማግሌው ብቻዬን አልፈርድም ብሎ ሌላ ሽማግሌ አስጠራ። አማቴ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጨርሰው አዳመጡ። ሰፈሩ ጉዳዩን በሚገባ ከመረመረ በኋላ ለቅዳሜ ቀጠረው። አማቴ አመስግነው ተነሡ። ጥጉን ስንታጠፍ ከኋላችን ገና "ምች ነው እንጂ!" የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር።

"እነዚህስ ደጎች ናቸው" አልኩ።

"ደጎች ናቸው። ልጄ ግን እስከ ቅዳሜ አትቆይላቸውም።"

ሦስተኛውን ሰፈር ላሳያቸው አላሰብኩም ነበር። ሮቢ ወንዝ ዳር፣ ሾላው ሥር ያለ የሣር ጎጆ ሰፈር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ተቀላቅሎ ይኖርበታል፤ ትንኙ ከሰዉ ይበዛል። ወደ ሱቅ ለመመለስ ስናቋርጠው ነው አማቴ በእውነት ደክሟቸው ሾላው ሥር አረፍ ያሉት። ገና አላቃሰቱም። ይህን ደግሜ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ኋላ ብዙ ጊዜ አከራክሮናል፦ አላቃሰቱም።

"ያ ጀማዓ! እናት ወድቀዋል!" የሚል የሴት ጩኸት ሰማሁ።

"ኧረ አልወደቅሁም፤ ተቀምጬ ነው!" አሉ አማቴ።

"ይቀባዥራሉ! ቃሬዛ!"

ቃሬዛው ከየት እንደመጣ አላየሁም። ሁለት ረጅም አጠና ላይ የተወጠረ የበሬ ቁርበት ነው፤ የወንዶች መንጋ ይዞት ደረሰ። አማቴ "ምንድን ነው እሱ?" ብለው ሳይጨርሱ ላዩ ላይ ነበሩ፤ "አውርዱኝ!" ሲሉ ትከሻ ላይ ነበሩ።

ሮጬ ፊታቸው ቆምኩ። "ደኅና ናቸው! ምንም አልሆኑም! አማቴ ናቸው!"

ፊት ለፊት አጠናውን የያዘው ደረተ ሰፊ ጎልማሳ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"አማች ነህ?"

"አዎ።"

"አማቱን ላለመሸከም 'ደኅና ናቸው' የማይል አማች እኔ አላየሁም። ና ግባ፣ በዚህ በኩል ያዝ!"

ተሸካሚዎቹን የሚመሩት የቅሬው ዳኛ ነበሩ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ይፋት ውስጥ ሬሳውንም በሽተኛውንም የሚያነሣ እሱ ነው። ዳኛው ቀጭን ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ጫታቸውን በአንድ ጉንጫቸው ይዘው ከዘራቸውን እያወዛወዙ ከጎን ይራመዳሉ። እሳቸው ነገሩን ይሰሙኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

"አባቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ሴትዮዋ አልታመሙም። ራሳቸውም እያሉ ነው።"

"እሳቸውማ ይላሉ" አሉ ዳኛው በርጋታ። "ወባ የያዘው ሰው ሁሉ 'ድኛለሁ አውርዱኝ' ይላል። አንድ ክረምት አንዱን አመንነው። አወረድነው። እያንዳንዳችንን በስም እየጠራ አመሰገነን፤ አመስግኖ ሲያበቃ ወደ ሞላው ወንዝ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቅሬው ተቀምጦ ወሰነ፤ ከቃሬዛ ላይ የሚወጣ ቃል አይሰማም።"

"በእውነት ጤነኛ የሆነ ሰው ቢጫንስ?"

"ሐኪሙ ይነግረዋል።"

ሕክምናው ከከተማው በላይ፣ ወደ ደብረ ሲና በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ለመንገድ ሠራተኞች የተተከለ ድንኳን ነው። ጣሊያኑ ሐኪም በሽተኛ ይዞ የመጣን አይመልስም ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ግን አልከፋቸውም። እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ኋላ ምክንያቱ ገባኝ፤ ጣሊያን ሰው ተሰብስቦ እንዳይሄድ ከልክሏል፤ ለቀብርና ለበሽተኛ ካልሆነ። ስለዚህ ሰብሰብ ብሎ እየተጫወቱ መሄድ የሚያምረው ሁሉ ከቃሬዛ ሥር ነበር። የእህል ዋጋ፣ የላም መጥፋት፣ የጋብቻ ወሬ፣ ሁሉም እዚያ ይነገራል። ከቃሬዛው ሥር ሌላም ነገር ወደ ደጋ ይሄድ ነበር የሚሉ አሉ። ያንን አላረጋገጥኩም።

"ትከሻ!" ይላል ከፊት ያለው። ትከሻ ይለወጣል።

ጆሮዬ ከአማቴ አፍ አጠገብ ሆነ። እስከዚያን ቀን ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም።

"አንተ ልጅ፣ ንገራቸው እንጂ!" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ነገርኳቸው እማማ።"

"ምን አሉህ?"

"አማች ነህ አሉኝ።"

"ይሄስ መልስ አለው" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ጮኹ። "በሚካኤል! በሚካኤል ይዣችኋለሁ፣ አንድ እርምጃ ብትሄዱ!"

መሐላ ነው። ክርስቲያኖቹ ተሸካሚዎች እንደ አንድ ሰው ቀጥ አሉ፤ ትከሻቸውንም አወጡ። ቃሬዛው ዘመም ከማለቱ ሙስሊሞቹ ገብተው ተቀበሉትና ጉዞው ቀጠለ። አማቴ ይህን ልብ ብለው አዩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦

"በነቢ ይዣችኋለሁ!"

ሙስሊሞቹ "ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም" ብለው ቆሙ፤ ክርስቲያኖቹ ገቡ። እንዲህ እየሆነ በሚካኤልና በነቢ ስንፈራረቅ ብዙ መንገድ ሄድን። ለተሸካሚዎቹ መልካም ዕረፍት ሆነላቸው።

"እናት፣ አሁን ደግሞ የኛን ይበሉ" አለ ደረተ ሰፊው፣ ላቡን እየጠረገ። "ትከሻዬ ሊወልቅ ነው።"

"አልልም! ተሸከም!" አሉ አማቴ።

ድልድዩ ላይ ኬላ አለ። አንድ ጣሊያናዊ አሥር አለቃ፣ ጥቂት አስካሪ ወታደሮችና አንድ ወጣት አስተርጓሚ ይጠብቁታል። ቃሬዛው ቆመ፤ ግን አልወረደም።

"ምንድን ነው?" አለ አስተርጓሚው።

"በሽተኛ" አሉ ዳኛው።

አማቴ የመንግሥት ሰው ሲያዩ ቀና ብለው ተቀመጡ። "ጌታዬ፣ በሽተኛ አይደለሁም! ይኸው፣ ከአንተ የበለጥኩ ጤነኛ ነኝ! አፍነው ነው ያመጡኝ፤ ንገርልኝ!"

አስተርጓሚው ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር፤ ሁሉንም አስተረጎመው። የአሥር አለቃው ፊት ሲለወጥ አየሁ። ረዘም አድርጎ ተናገረ። አስተርጓሚው ወደኛ ዞረ።

"ጤነኛ ከሆኑ ለምን ይህን ያህል ሰው ሆናችሁ ተሰበሰባችሁ ይላል። ጤነኛ ሰው የሚሸከም ከሥሩ ጠመንጃ የደበቀ ነው ይላል። ቃሬዛው ይፈታል፤ ወንዶቹ በሙሉ እዚህ ይቀራሉ ይላል።"

አስካሪዎቹ መሣሪያቸውን አቀባበሉ። በዚያ ዘመን ኬላ ላይ የቀረ ወንድ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ዳኛው ጫታቸውን ማላመጥ አቆሙ። ተሸካሚዎቹ አንገታቸውን አዙረው ወደ ላይ አዩ፤ ከማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም አማቴ የሚሉትን ለመስማት ዝም አሉ።

አማቴ እያንዳንዱን ፊት አዩ። ደረተ ሰፊውን አዩት፤ እኔንም አዩኝ፣ ፊት ለፊት። ከዚያ ቀስ ብለው ተጋደሙና ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

"ኧረ ወባ ነው" አሉ። "ይቀያይረኛል። አንዴ ይሻለኛል፣ አንዴ ይነሣብኛል። በላያችሁ ሞቼ ጣጣ ሳላመጣባችሁ ቶሎ አሳልፉኝ። ብርድ፣ ብርድ!"

ተንቀጠቀጡም። አስተርጓሚው ሲነግረው አሥር አለቃው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ወደ ኋላ ሄደና በእጁ እለፉ አለ።

ድልድዩን እንደተሻገርን ዳኛው "አልሐምዱሊላህ፣ ልብ ገዙ" አሉ።

ድንኳኑ ስንደርስ የአማቴ ግንባር ይፋጅ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተጋድመው ሲምሉ የቆዩ ሰው ግንባር ቢፋጅ አይገርምም፤ ሐኪሙ ግን መሐላውን አያውቅም። ግንባራቸውን ነካ፣ "ማላሪያ" አለና መርፌውን አነሣ። አማቴ "ጤነኛ ነኝ!" አሉ። ሐኪሙ አማርኛ አያውቅም፤ ቢያውቅም ይሰማቸው ነበር አልልም። የኪኒን መድኃኒት ወጋቸው። ከድንኳኑ ሲወጡ ጆሯቸው ይጮኻል፣ ራሳቸው ይዞራል፣ የበሉት ሁሉ ወጥቷል። ወደ ቃሬዛው ሄደው ሊጋደሙ ሲሉ ዳኛው በከዘራቸው ከለከሏቸው።

"ታክሞ የወጣ በእግሩ ነው የሚመለሰው።"

"አሁንማ አሞኛል!" አሉ አማቴ። "አሁን ነው የታመምኩት!"

"የዳነ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። ቃሬዛ ላይ መተኛት ይጥማል።"

ባዶውን ቃሬዛ ተሸክመው፣ ዘና ብለው ቀደሙን። እኔና አማቴ ከኋላ ቀረን። ክንዳቸውን ልይዝ ልማድ አይፈቅድልኝም። በትሬን አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን፣ ዕውር እንደሚመራ ሰው ቁልቁል ወረድን። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ግራር ሥር አረፉ። ከመቀመጣቸው በፊት ግራና ቀኝ አዩ።

"ሰፈሩ ይኸው ነው" አሉ።

መርፌው ነው አልኩ በልቤ። "እማማ፣ አንዲት ቃል የማይሰሙ ሰዎች እኮ ናቸው!"

"ምን አልክ? ጆሮዬ ይጮኻል።"

"ቃል አይሰሙም!"

"ስለዚህ ነው" አሉ። ውኃ ጠየቁኝ፤ ከቅሉ ተጎነጩ። "ካራቆሬ የሚሸከማት ጠፍቶ ነው የሞተችው ብለውሃል አይደል? ውሸት ነው። ሰፈሩ መጥቶ ነበር። በሯ ላይ ቆመው 'እንሸከምሽ ወይ?' አሏት። ሰው ማስቸገር አትወድም። 'ደኅና ነኝ፣ ይለቀኛል፣ ሥራ አትፍቱ' አለቻቸው። ጨዋ ሰዎች ናቸው። አመኗት።"

ቅሉን መለሱልኝ።

"ያንተይቱም እንደ እህቷ ናት" አሉ።

በዚያው ሳምንት ሾላው ሥር ጎጆ ተሰጠን። ሰፈሩ በአንድ ቀን ምርጊቱን መረገ፣ ጣራውን ከደነ፤ ቅሬውም መዘገበኝና ትከሻዬ የሚሰለፍበትን ጎን ነገረኝ። ትንኙ እንደፈራሁት ነበር። ነዋሪ ከሆንኩ በኋላ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ በዚያ ሰፈር መንገድ ላይ የሚቀመጥ ሰው አለመኖሩ ነው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ፣ ፈጠን ብሎ ነው የሚያልፈው። የሚያስነጥሰውም ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ነው። አሠሪዬ አንድ ቀን ሊጠይቁን መጥተው ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ ሲሉ ቃሬዛው ደርሶባቸው ነበር፤ በሩጫ አመለጡ። ከዚያ ወዲያ የሚፈልጉኝ መልእክት እየላኩ ሆነ።

አማቴ "ትቼልህ እሄዳለሁ" ያሉትን አልፈጸሙም። ቀኗን ሳላይ አልሄድም ብለው ቆዩ።

ቀኗ የደረሰው በኅዳር ነው፣ ማለዳ። ባለቤቴ ምሰሶውን ይዛ ቆማ አየኋት። ከንፈሯን ነክሳለች።

"ምጥ ነው?" አሏት እናቷ።

"ደኅና ነኝ" አለች። "የትናንቱ ንፍሮ ነው። ይለቀኛል። ሰዎቹ ማሽላ ሊያጭዱ ነው፤ ሥራ አታስፈቷቸው።"

አማቴ ከቤት ወጡ። መንገዱ መሀል ደረሱና ቁጭ አሉ።

ማንም ምንም ሳይናገር ቃሬዛው መጣ። አማቴ ወደ ቤቱ እየጠቆሙ "እኔን አይደለም! እሷን!" ይላሉ፤ ግን ገና ሲናገሩ አንሥተዋቸዋል፣ ከቃሬዛ ላይ የሚወጣ ቃል ደግሞ አይሰማም። የሾላውን ጥላ አልፈው ሊሄዱ ሲሉ ባለቤቴ ጩኸቱን ሰምታ በሩ ላይ ወጣች፤ መቃኑን ይዛ በዚያው እጥፍ አለች። ተሸካሚዎቹ አማቴን አዩ፣ ባለቤቴን አዩ።

"የትኛዋ ናት?" አለ ደረተ ሰፊው።

"ወጣቷን!" አሉ ዳኛው።

አማቴን እንደ ጆንያ አራግፈው ባለቤቴን ጫኗት። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላ ይዘው ተከተሉ። እኔ በግራ በኩል ገባሁ፤ ጆሮዬ አሁን የባለቤቴ አፍ ዘንድ ነው።

"ንገራቸው" አለችኝ። "ደኅና ነኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ። ያሳፍራል።"

ከጎን የሚራመዱት አማቴ "ተሸከም አንተ!" አሉኝ። ተሸከምኩ።

ድልድዩ ላይ ያው አሥር አለቃ ነበር። አስተርጓሚው አማቴን በእግራቸው ሲያይ ፈገግ አለ።

"ዛሬስ ጤነኛዋ ማን ናት?"

"እኔ" አለች ባለቤቴ ከላይ፣ በጨዋ ድምፅ። "ምንም አልሆንኩም፤ አይጨነቁ።"

አሥር አለቃው ወደ አስተርጓሚው ዞሮ ጠየቀ። ምን አለች ያለው ይመስለኛል። አማቴ ሁለት እጃቸውን አጣምረው አስተርጓሚውን አዩት። አስተርጓሚው ባለቤቴን አየ፤ ነጭ የሆኑትን ጣቶቿን አየ። ለአሥር አለቃው ራሱን ነቀነቀና አንዲት አጭር ቃል ተናገረ። ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም። አሳለፉን።

ከድልድዩ ማዶ ባለው ዳገት ላይ ድምፅዋ ተለወጠ።

"አውርዱኝ! መጣ! መጣ!"

ማንም አልዞረም።

"አቁሙ እናንተ! ልጁ እየመጣ ነው!" አሉ አማቴ ከሥር።

ተሸካሚዎቹ ዳኛውን አዩ። ሕጉ ቃሬዛው ላይ ያለችውን አትስሙ ይላል፤ በእግሩ የሚሄድን ስለ መስማት የሚለው የለም። ዳኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው አሰቡ።

"ማውረድ ክልክል ነው" አሉ። "መቆም ግን ክልክል ነው አልተባለም። ቁሙ! ፊታችሁን አዙሩ!"

ቃሬዛው ከትከሻ እስከ ወገብ ዝቅ አለ። ወንዶቹ አጠናውን በእጃቸው እንደያዙ ጀርባቸውን ሰጡ፤ ግማሹ ወደ ገደሉ፣ ግማሹ ወደ ተራራው አየ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዙሪያውን ዘረጉ። "ማርያም! ማርያም!" ይላሉ እነዚያ፤ "ያ አላህ! ያ ረቢ!" ይላሉ እነዚህ። ከኔ ፊት ያለው ሰው ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑን ጨፍኗል። አንድ የጣሊያን ካሚዮን መጥቶ ቆመ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ልጅቱ የተወለደችው እዚያ ነው። ቃሬዛው መሬት አልነካም።

እልልታው ካበቃ በኋላ ወደ ሰፈር እንመለስ ያልኩት እኔ ነኝ። ዳኛው "የተነሣ ቃሬዛ ሐኪም ሳያየው አይመለስም" አሉ፤ ዳገቱን ቀጠልን። ሐኪሙ እናትየዋን አየ፣ ልጅቱን አየ፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው አለ። ከዚያ አማቴን አያቸውና አስታወሳቸው፤ ግንባሩን በእጁ እየነካ ትኩሳቱ እንዴት ነው የሚል ምልክት አሳያቸው። አማቴ ከኋላዬ ገቡ።

ልንመለስ ስንል ባለቤቴ ከድንኳኑ ወጥታ አንድ እግሯን ከፊት አድርጋ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሕጉን አውቃለሁ" አለች። "በእግሬ እሄዳለሁ። ደኅና ነኝ።"

አማቴ ዳኛውን አዩ፤ ተሸካሚዎቹም አዩ። ዳኛው ጫታቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩ። ደረተ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባባ፣ ታክማ የወጣች ናት እኮ። ሕጉን እናፍርስ ወይ?"

"ሕግ አይፈርስም" አሉ ዳኛው። "ተሸክመን ያመጣናት በእግሯ ትመለሳለች። ይህች ሕፃን ግን ከሰፈር ስንነሣ አልተጫነችም። የቅሬው ልጅ ናት፣ ቃሬዛ አልደረሳትም፤ ስለዚህ ይገባታል። ጫኗት።"

ልጅቱን ከነመጠቅለያዋ ቁርበቱ ላይ አስቀመጧት። ከአጠናው ርዝመት አንጻር በጣም ትንሽ ነበረች።

"ትወድቃለች" አለ ደረተ ሰፊው።

"ታዲያ የሚይዛት ሰው አብሯት ይተኛ" አሉ ዳኛው።

ባለቤቴ አፏን ከፈተች። ከመናገሯ በፊት አንሥተው አጋደሟት።

ልጅቱ ወደ ሸዋ ሮቢት በቃሬዛ ተመለሰች። እናቷ አቅፋት ተኝታ ነበር። አማቴ ከኋላ በእግራቸው መጡ። ድልድዩን ስናልፍ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።